በር ላይ የቀረው ከበል

ሙሚና ዘፈን ወዳለበት ባዶ እጇን ሄዳ አታውቅም።

ይህ የእሷ ብቻ አመል አይደለም። ሐረር ጀጎል ውስጥ ባደገችበት ሰፈር፣ ሰርግ ቤት የምትገባ ሴት ጫማዋን በር ላይ ስታወልቅ ከሻርፗ ስር ሁለት ጠፍጣፋ እንጨቶች ይዛ ነው። ከበል ይባላሉ። አንዷ ታዜማለች፣ ሌሎቹ በሁለት እጃቸው የያዙትን እንጨት እያጋጩ ይከተሏታል። ዘፋኟን ብቻዋን ትቶ እጁን አጣምሮ የሚቀመጥ እንግዳ ለምግቡ ብቻ እንደመጣ ይቆጠራል። አፍ አውጥቶ የሚናገረው የለም፤ ሲወጣ ግን ከኋላው ያዩታል።

ስለዚህ የወንድሟ ልጅ ሙንተሃ «አክስቴ፣ ዓርብ ኮንሰርት ልወስድሽ ነው» ባለቻት ጊዜ ሙሚና መጀመሪያ ያሰበችው ስለ ልብሷ አልነበረም። አጎንብሳ ከአልጋዋ ስር በአረንጓዴ ሻርፕ የታሰረ ጥቅል አወጣች። ውስጡ ሁለት ጥንድ ከበል አለ። አንዱ የራሷ፣ ሌላው የጓደኛዋ የሂንድ ነው። ሂንድ ሞታ ከታሰረ ወዲህ ጥቅሉ ተፈትቶ አያውቅም፤ ያን ቀንም አልፈታችውም። አቧራውን አራግፋ እንዳለ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ልትጫወትበት አስባ አይደለም። ይዞ መሄድ ወግ ስለሆነ ነው።

ሙሚና ጅቡቲ የገባችው ገና ልጅነቷን ያልጨረሰች ሙሽራ ሆና ነበር። ባሏ ጃቢር፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ከድሬዳዋ በባቡር የሚመላለስ የጨርቅ ነጋዴ ነው። ካርቲየ 4 በሚባል ሰፈር ውስጥ ከቆርቆሮ በተሠራች ጠባብ ቤት አስቀመጣትና ወደ ንግዱ ተመለሰ። ሙቀቱ እንደ ብርድ ልብስ ላይዋ ላይ ወደቀ። በግድግዳው ወዲያ የሚሰማት ሶማልኛ ነው፣ በወዲህ አፋርኛ፣ ሱቅ ስትሄድ ደግሞ ፈረንሳይኛ። ቀኑን ሙሉ አንድ ቃል ሳትናገር የምትውልበት ጊዜ ነበር። ከሐረር የመጡ ቤተሰቦች ሰርግ ሲጠሯት ደስ ብሏት ሄደች፤ ግን ከበሏን እናቷ ቤት ረስታ ነው የመጣችው። ጥግ ይዛ፣ እጇን ቀሚሷ እጥፋት ውስጥ ደብቃ ተቀመጠች።

ያኔ አንዲት ፍንጭት ሴት ሰው በሰው ላይ እየተራመደች መጥታ አንድ ትርፍ ጥንድ ከበል ጭኗ ላይ ወረወረችላት።

«ምን ትደበቂያለሽ? ያዥ! የሚበላው እንደሆነ የሚቀርበው ገና ኋላ ነው።»

ሂንድ ማለት ይቺ ናት። ከዚያ ቀን በኋላ በጅቡቲ ያለ የሐረር ሰው ልጁን ሲድር ሁለቱን ሳይጠራ አያውቅም። ሥራውን ሳይነጋገሩ ነው የተከፋፈሉት። ሙሚና ዋናውን ምት ትይዛለች፤ አትቸኩልም፣ አትዘገይም፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ያው ናት። ሂንድ በሙሚና ምት መሃል እየገባች ትጫወታለች፤ ትቀድማለች፣ ታረፍዳለች፣ የወደቀች ሲመስል ብድግ ትላለች፣ ሴቶቹም እልል ይላሉ። «አንቺ ወለሉ ነሽ፣ እኔ ጨፋሪዋ» ትላት ነበር። «ወለል ከሌለ ጨፋሪ ምን ላይ ትቆማለች?»

ጨፋሪ የሌለው ወለልስ ምን ይሠራል? ይህን ማንም አልጠየቀም።

ሂንድ ባለፈው የሙቀት ወራት ታመመች፤ ብዙም ሳትቆይ ሞተች። ሐዘኑ ሲያበቃ ልጇ ከበሉን አምጥታ ለሙሚና ሰጠቻት። ሙሚና አንድ ቀን በሯን ዘግታ የራሷን አንስታ ጥቂት መታች። ሰው በሌለበት ቤት በር እንደማንኳኳት ሆነባት። ሁለቱንም ጥንድ አንድ ላይ አስራ ከአልጋ ስር አስገባች። ከዚያ በኋላ የተጠራችበት ሰርግ ሁሉ ራሷን አመማት፣ እግሯን አመማት፣ ዕቃ የሚመጣላት ቀን ሆነባት።

አሁን ግን የምታገባው ሙንተሃ ናት። ለትምህርት ብሎ አባቷ ከሐረር ሲልካት ጥርሷ የወለቀ ልጅ ነበረች፤ ሙሚና ናት ያሳደገቻት። የሂናው ምሽት ከኮንሰርቱ ቀጥሎ ያለው ሐሙስ ነው። ሙንተሃ የድሪያ ጨርቅ ወደሚሸጥበት የአክስቷ ሱቅ እየመጣች ባንኮኒው ላይ ተደግፋ ትነዘንዛት ጀመር።

«ዲጄ ተከራይታችሁ የለም እንዴ?» ትላለች ሙሚና ጨርቅ እያጠፈች።

«ዲጄው ለጭፈራው ነው። ሂና ሲቀቡኝም ከስልክ በሚወጣ ዘፈን ልቀባ? የሰውን ልጅ ሁሉ ስታጅቢ ኖረሽ እኔን በስፒከር ልትድሪኝ ነው?»

«እናያለን።»

«አንቺ እናያለን ካልሽ እምቢ ማለትሽ ነው።»

«እናያለን አልኩ እኮ፣ ምን ልበል?»

ሙንተሃ ቦርሳዋን አንሥታ ወጣች። ከጥቂት ቀን በኋላ ግን ሁለት የኮንሰርት ትኬት ይዛ መጣች። እጮኛዋ ዘይድ ጄኔሬተር ያከራያል፤ ራስ ዲካ ባሕሩ ዳር ለሚደረገው ትልቅ ኮንሰርት መብራቱን የሚሰጠው እሱ ስለሆነ ትኬቱን በነፃ አገኘ። ከፈረንሳይ የሚመጣው ሮክ ባንድ ሙንተሃ ከተማሪነቷ ጀምሮ ጆሮዋ ውስጥ ሰክታው የምትተኛው ነው። ለምን ጓደኞቿን ትታ አክስቷን እንደጋበዘች ሙሚና ገብቷታል። ገብቷትም ግን እምቢ አላለችም። ሴትዮዋ በዚያ ሁሉ ዕድሜዋ ሰው መድረክ ላይ ሲዘፍን ቆማ አይታ አታውቅም ነበር።

ዓርብ ከሰዓት፣ ከአስር ሶላት በኋላ በታክሲ ሄዱ። ከባሕሩ የሚመጣው ነፋስ ቀዝቀዝ ያለ ነው። በሩ ላይ የወጣቱ ሰልፍ ረጅም ሆኖ ጠበቃቸው። ብርቱካናማ ሰደርያ የለበሰች ወጣት ጥበቃ የሴቶቹን ቦርሳ ትፈትሻለች። የሙሚና ተራ ሲደርስ እጇን ከተተችና ጥቅሉን አወጣች፤ በሻርፑ ላይ ዳሰሰችው።

«ይሄ ምንድን ነው፣ ሆዮ?» አለች። ሆዮ በሶማልኛ እናቴ ማለት ነው። አማርኛዋ ግን ጥሩ ነበር፤ አያቷ የድሬዳዋ ሰው ናቸው።

«ከበል ነው።»

«ምን ያደርጋል?»

«ይጨበጨብበታል።»

«በእጅሽ አታጨበጭቢም?»

ከኋላ የቆሙት ሳቁ። ሙንተሃ ፊቷ ቀላ። «አክስቴ! እንጨት ይዘሽ መጣሽ?»

«ዘፈን ነው አላልሽኝም?»

«እነሱ ከበሮ አላቸው፣ ጊታር አላቸው፣ ቤት የሚያክል ስፒከር አላቸው!»

«ታዲያ እኛ የምንሄደው ምን ልንሠራ ነው?»

ጥበቃዋ ግን ሥራዋን ታውቃለች። እንጨት፣ ብረት፣ ጠርሙስ አይገባም፤ መድረክ ላይ የሚወረውር ይኖራል አለች። ሙሚና በሕይወቷ ከበል ስትወረውር ያየቻት አንዲት ሴት ብቻ ናት፤ እሷም የወረወረችው ጭኗ ላይ ነው።

«ኻሊዳ እባላለሁ» አለች ጥበቃዋ፣ የሴትዮዋን ፊት አይታ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «እዚህ ወንበሬ ስር አስቀምጥልሻለሁ። ስትወጪ ከእጄ ትወስጃለሽ።»

ሙሚና ባዶ እጇን ገባች።

መጀመሪያ የመጣችው ከአቢጃን የመጣች ዘፋኝ ናት፤ አራት ዳንሰኞች አስከትላለች። ሙሚና ድምፁ በጆሮዋ የሚመጣ መስሏት ሻርፗን ጠበቅ አድርጋ ነበር፤ በደረቷ መጣ። ከእግሯ ስር አሸዋው ሲንቀጠቀጥ ተሰማት። ልቧ የራሷን ምት ትታ የሌላ ሰው ምት የምትመታ መሰላት።

«ወንበሩ የት ነው?» አለች ሙንተሃን ጆሮዋ ላይ ጮኻ።

«ምን?»

«ወንበር! የት ነው የምንቀመጠው?»

«ማንም አይቀመጥም፣ አክስቴ!»

ዳንሰኞቹ እንደ አንድ ሰው ይታጠፋሉ፣ እንደ አንድ ሰው ይነሣሉ። ዘፋኟ ዝለሉ ስትል ሕዝቡ ይዘላል፤ እጅ ወደ ላይ ስትል እጅ ሁሉ ወደ ላይ። ድሪያ የለበሱ ልጃገረዶች ጫፉን በአንድ እጃቸው ሰብስበው፣ በሌላው ስልካቸውን አንሥተው ይዘላሉ። ሙሚና እጇን ምን እንደምታደርገው ጠፋት። የቦርሳዋን ማንገቻ ያዘች፣ ለቀቀች፣ መልሳ ያዘች።

«ታዛቸዋለች፣ እነሱም ይታዘዛሉ» አለች። «ደስታ በትእዛዝ ይሆናል እንዴ?»

«ዝለይና እይው!»

«አንቺ ዝለይ። እኔ ቦርሳውን እይዛለሁ።»

ሙንተሃ ዘለለች። ሻርፗ ከራሷ ላይ ተንሸራቶ ትከሻዋ ላይ ወደቀ። ሙሚና ያቺን አልጋ ላይ እየዘለለች ሽቦውን የሰበረችባትን ልጅ አየች። የሚመጣው ሐሙስ ይቺ ልጅ መዳፏን ዘርግታ ሂና ትቀባለች፤ ያኔ የአክስቷ እጅ የት ይሆን? ቦርሳ ላይ?

ሮክ ባንዱ ሲወጣ ፀሐይ ወደ ባሕሩ እየወረደች ነበር። አራት ናቸው። ጊታር የያዙት ሁለት ወንዶች መድረኩን ከዳር እስከ ዳር ይሮጡበታል። ከኋላ ከበሮው ላይ የተቀመጠችው አጭር ሴት ፀጉሯ ሂና የተቀባ ይመስል ደማቅ ቀይ ነው፤ ስትመታ ከወንበሯ ትነሣለች። ሕዝቡ የሚያየው እነዚህን ነው። ሙሚና ግን ዐይኗ ጥግ ላይ ካለችው ረጅም ሴት ላይ ቀረ። እሷም ጊታር የመሰለ ነገር አንግታለች፤ ሌላው ሁሉ ሲሯሯጥ ግን አትንቀሳቀስም። ጣቶቿ ብቻ ይሠራሉ።

«ያቺ ዝም ብላ የቆመችው ምን ይዛ ነው?»

«ቤዝ ይባላል። ወፍራሙ ድምፅ የእሱ ነው።»

«እሷ ብትተው ሁሉም ይወድቃሉ» አለች ሙሚና፤ ሙንተሃ ግን አልሰማቻትም።

ከዚያ በኋላ የሆነው ነገር ሙሚናን አስደነገጣት። አንዱ ዘፈን ሲያልቅ ባለ ቀይ ፀጉሯ ከከበሮው ተነሥታ ወደ ፊት መጣች። ረጅሟ ሴት ቤዙን ከአንገቷ አውጥታ ሰጠቻትና ሄዳ ከበሮው ላይ ተቀመጠች።

«ምን ሆኑ? ተጣሉ እንዴ?»

«ኧረ! አንድ ዘፈን ላይ ሁልጊዜ እንዲህ ይለዋወጣሉ።»

«ይቻላል?»

«ባንዱ የራሳቸው ነው፣ ማን ይከለክላቸዋል?»

ረጅሟ ሴት ከበሮ አትችልም ማለት ይቻላል። ከባልደረቦቿ ኋላ ትቀራለች፣ ደግሞ ትቀድማለች። አንዴ መምቻው ከእጇ አምልጦ መድረኩ ላይ ተንከባለለ፤ እየሳቀች ሌላ አነሣች። ዘፈኑ አነከሰ፤ ግን አልወደቀም። ባለ ቀይ ፀጉሯ ቤዙን ይዛ ሳትነቃነቅ ጠበቀቻት። ሕዝቡ ካለፈው ሁሉ አብልጦ ጮኸ። ሙሚና አልጮኸችም። ረጅሟን ሴት ስታይ፣ ስታይ ቆየች።

ዘፈኑ እንዳበቃ አንድ ሰው ከመድረኩ ጎን እጁን አነሣ። ባንዱ ዝም አለ። ወዲያው ከሰፈሩ መስጊድ የመግሪብ አዛን ተሰማ። ከመድረኩ ጀርባ የዘይድ ጄኔሬተር ብቻ ያጉረመርማል። ሲዘል የነበረው ሕዝብ ግማሹ ውሃ ፍለጋ ሄደ፤ ግማሹ አጥሩ ጥግ ተሰለፈ። ሙንተሃ ውሃ ልግዛ ብላ ወጣች፤ ሙሚና ሴቶቹ ያነጠፉት ምንጣፍ ላይ ቦታ አገኘች። ከዚያ ሁሉ ጩኸት በኋላ ጸጥታው ራሱ ጆሮ ውስጥ ይጮኻል።

ፊቷን ወደ ቀኝ፣ ከዚያ ወደ ግራ አዙራ ሶላቷን ስትጨርስ ነው ከበሩ በኩል የሰማችው።

ጠቅ። ጠቅ። ጠጠቅ። ጠቅ።

የሂንድ እንጨት ነው። የራሷ ወፍራም ስለሆነ ድምፁ ደልደል ያለ ነው፤ የሂንድ ግን ስስ ነው፣ ደረቅና ቀጭን ድምፅ ያወጣል። ሙሚና ጫማዋን በቅጡ ሳታጠልቅ ተነሣች። በሕዝቡ መሃል ስትሄድ ደሟ ፈልቶ ነበር። ሟች ሰው ያስቀመጠውን ዕቃ!

ኻሊዳ ፕላስቲክ ወንበሯ ላይ ተቀምጣ፣ አረንጓዴው ሻርፕ ጉልበቷ ላይ ተዘርግቶ፣ ምላሷን በጥርሷ ይዛ ታጋጫለች። ሙሚናን ስታይ ሻርፑን ወንበሩ ላይ ትታ ዘላ ተነሣች።

«ይቅርታ፣ ሆዮ! ጥቅሉ ተፈታና…»

«በራሱ ተፈታ?»

ኻሊዳ ወደ መሬት አየች። «ትንሽ ረዳሁት።»

ሙሚና ልትቀማት እጇን ዘረጋች። ግን የልጅቷን አያያዝ አየች፤ እንጨቶቹን በጡጫዋ አንቃ፣ አውራ ጣቷ ነጭ እስኪሆን ጨብጣቸዋለች። ይህን አይቶ ዝም ማለት ከአቅሟ በላይ ነበር።

«እንዲህ ነው የሚያዘው? ዶሮ ልታርጂ ነው?»

«እና እንዴት ነው?»

«ላላ አድርጊው። ላላ! መዳፍሽ ውስጥ አየር ይግባ። አሁን ምቺ። እ… ደግሞ። አትቸኩይ፣ የትም አትሄጂም።»

ኻሊዳ መታች። የሂንድ እንጨት በዚያ ቀስ ባለ ምት ቀጭን ሆኖ ደከመ። ለወለል አልተሠራም።

«ያንን አምጪ» አለች ሙሚና። «ይሄን ያዢ።» የራሷን ወፍራሙን ጥንድ ከሻርፑ ላይ አንሥታ ሰጠቻት። ኻሊዳ መታች፤ ድምፁ ደልደል አለ፣ ቦታውን ያዘ። በዚያው ቅጽበት፣ የሶላቱ እረፍት አልቆ ኖሮ፣ የባንዱ ከበሮ ከሩቅ ተነሣ። ኻሊዳ ጆሮዋን ሰጥታ ምቷን ከከበሮው ጋር አገጣጠመች፤ ማንም ሳይነግራት።

ሙሚና ዝቅ ብላ እጇን አየች። የሂንድ ከበል እጇ ላይ ነው የቀረው።

እነዚህን እንጨቶች መትታቸው አታውቅም። በዚያ ሁሉ ዓመት ስትሰማቸው ኖረች እንጂ አንድ ቀን እንኳ ልሞክራቸው አላለችም። አነሣችና በኻሊዳ ምት መሃል አንድ ጣለች፤ ረፈደ። ሌላ ጣለች፤ ቀደመ። ኻሊዳ ግራ ገብቷት ልታቆም ስትል «አንቺ አታቁሚ!» አለቻት። «እኔ ብጠፋም አታቁሚ። እመለሳለሁ።» ሦስተኛው ገባ። ከዚያ ሌላው። የሂንድ አይደለም፤ ሂንድ ብትሰማው ፍንጭቷን አሳይታ ትስቅ ነበር። ያነክሳል፤ ይወድቃል ሲሉት ይነሣል። አርፍደው የሚገቡ ልጆች ትኬታቸውን ይዘው ቆመው ያዩ ጀመር። አንዱ ጎረምሳ «እዚህም ኮንሰርት አለ እንዴ?» አለ። ኻሊዳ ሳትቆም «ትኬት!» አለችው።

ሙንተሃ አክስቷን ብታጣ ደንግጣ፣ ሁለት ጠርሙስ ውሃ አቅፋ እየሮጠች መጣች። ጥቂት እርምጃ ሲቀራት ቆመች።

ሙሚና ላቧን በሻርፗ ጠረገችና ኻሊዳን «ሐሙስ ማታ ሥራ አለሽ?» አለቻት።

«የለኝም። ምነው?»

«ሂና አለን። እቤት።»

«እኔ ግን አልችልም እኮ! ይሄን አንዱን ብቻ ነው የማውቀው።»

«ሌላ ምንም አይፈለግብሽም። ወለሉን መያዝ ነው።»

ኻሊዳ እንጨቶቹን አገላብጣ አየች። «የሚበላ ነገርስ አለ?»

ሙሚና ሳቀች። የሂንድ ልጅ ከበሉን ካመጣችላት ቀን ወዲህ እንዲህ ስትስቅ ሙንተሃ አይታት አታውቅም። «አለ» አለች፤ «ግን የሚቀርበው ኋላ ነው።»

«አክስቴ» አለች ሙንተሃ። «ሐሙስ ማለት… ትመጫለሽ ማለት ነው?»

«የእኔ ቤት አይደለም እንዴ? ወዴት ልሂድ? ይልቅ ውሃውን አምጪ፣ መዳፌ ነደደ።»

ጠጥታ ስትጨርስ ወፍራሙን ጥንድ ለኻሊዳ ተወችላት፤ እስከ ሐሙስ እቤትሽ ተለማመጂ፣ ጎረቤት ቢጮህብሽ ሙሚና ልካኝ ነው በዪ አለቻት። የሂንድን በአረንጓዴው ሻርፕ መልሳ ጠቀለለች። ኻሊዳ ሰደርያዋን አስተካክላ ፊቷን ኮስተር አደረገች።

«ይሄን ይዘሽ ግን አትገቢም፣ ሆዮ።»

«አውቃለሁ። ወንበርሽ ስር አስቀምጪልኝ። አትፍቺው ደግሞ።»

ሙንተሃ ክንዷን ያዘቻት። ውስጥ ባንዱ አዲስ ዘፈን ጀምሯል፤ ረጅሟ ሴት ቤዟን መልሳ አንግታ ጥግዋ ላይ ቆማለች። ሙሚና ወደ መድረኩ ቀረብ አለች። ቦርሳዋን ለሙንተሃ ሰጠቻትና የጋሉትን መዳፎቿን አነሣች።

«ያዢልኝ» አለች። «እኔ እጄ ሥራ አለው።»